ሰፋሪና ነባር በአንድ ሚዛን፦ ከጅማ የቡና ማኅበራችን የተማርኩት

ይህን የምጽፈው በሰፈራ መንደር ውስጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር ለማቋቋም ለምታስቡ ነው። በጅማ ዞን፣ ወደ ሊሙ በሚወስደው መንገድ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ መንደር የቡና ገበሬዎች ማኅበር ስናቋቁም ከመሥራቾቹ አንዷ ነበርኩ፤ ሒሳቡንም ለዓመታት ይዣለሁ። መንደሩን የቆረቆሩት ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ ወላጆቼም ከአምባሰል የመጡት ከእነሱ ጋር ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ አንዱን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ የሰፋሪ ብቻ የሆነ ማኅበር አታቋቁሙ። ከእናንተ በፊት በዚያ መሬት ላይ የኖረው ጎረቤት ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ካልተቀመጠበት፣ ቡናችሁ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ማኅበሩ አይዘልቅም።

የመንደራችን ታሪክ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ይነሣል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወስድ፣ ከሁሉ የሚበዛው ወሎዬ ነበር። ሰፈራው ሁለት ዓይነት ነበር። መደበኛ የሚባለው በሰፊ መሬት ላይ በትራክተር እየታረሰ የሚካሄደው ነው፤ ስግሰጋ የሚባለው ደግሞ ሰፋሪውን በነባሩ ገበሬ መካከል የሚያስገባው ነው። የእኛ አካባቢ ያኔ በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር፤ ለወላጆቼ የደረሳቸውም ስግሰጋው ነው። ነባሩ ገበሬ ሳይመክርበት ለማያውቀው ሰው ጎጆ ሥራ ተባለ፤ ከግጦሹና ከማሳው ቆርሰህ ስጥ ተባለ። ወላጆቼም ቢሆኑ አልመረጡትም። ይህንን የማነሣው ቁስል ለመነካካት አይደለም። በሰፈራ መንደር የሚቋቋም ማኅበር ሁሉ ከሥሩ ይህ የመሬት ጥያቄ እንዳለ ካላወቀ፣ ጥያቄው አንድ ቀን በሌላ ስም ተነሥቶ ማኅበሩን ያፈርሰዋል።

አባቴ «ቡናን በስኒ እንጂ በዛፉ አናውቀውም ነበር» ይል ነበር። ደጋ የለመደ ሰው ወደ ወይና ደጋና ቆላ ወርዶ ወባ አገኘው፤ ወደ ግቤ ሸለቆ በኩል በሬው በገንዲ በሽታ አለቀ፤ በቆሎው በዝንጀሮና በከርከሮ ተበላ። ያን ጊዜ ጎደሬ እንዴት እንደሚቀቀል፣ የቡና ችግኝ በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩት ነባሮቹ ናቸው። ወሎዬው ደግሞ በበሬ ማረስ አዋቂ ነበርና በደቦው ተፈላጊ ሆነ። የጅማ ኦሮሞ ዳዶ የሚለው የሥራ መረዳዳትና የእኛ ወንፈል በአሠራር አንድ ናቸው፤ ዛሬ ለአንተ፣ ነገ ለእኔ። ከሁለቱም ወገን ብዙው ሙስሊም መሆኑም ሰላምታውን አቀለለው። በነገራችን ላይ ጅማ ለመጤ አዲስ አይደለችም፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ነጋዴዎች የሚሰነብቱበት ነበር።

ማኅበር የሚለውን ሐሳብ ስናነሣ መጀመሪያ የተቃወሙን የራሳችን አባቶች ናቸው። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ከወጣው መመሪያ በኋላ በደርግ ጊዜ የአምራቾች ማኅበር በሦስት ደረጃ ይመራ ነበር፦ ከታች ወደ ላይ ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ። በማልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ ለአንድ ቤተሰብ የሚተውለት የጓሮ መሬት ከ2,000 ካሬ ሜትር አይበልጥም ነበር። ሥራው በነጥብ ይቆጠራል፤ ምርቱ በነጥብ ይከፈላል። ነጥቡን የሚጽፈው ሰው ዘመድ ያለው ተኝቶ ይበላል፤ የሌለው ሠርቶ ይጎድልበታል። መንግሥት የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ ገበሬው በየቦታው ማኅበሩን በትኖ መሬቱን የተከፋፈለው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከሰፋሪው ብዙው ወደ ወሎ ተመለሰ፤ የቀረው በተከላት ቡና ተስፋ ያደረገው ነው። ይህንን ሁሉ ያየ ሰው «ማኅበር» ሲባል መሬቴ ሊወሰድ ነው ቢል አይፈረድበትም።

መልሳችን ደንቡን ማንበብ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የሚቋቋም ማኅበር በፈቃደኝነት የሚገባበትና የሚወጣበት ነው፤ ባለ ብዙ አክሲዮኑም ባለ አንዱም ድምፁ አንድ ነው፤ ማንም ሰው ከጠቅላላው አክሲዮን ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። መሬቱ የገበሬው፣ ዛፉም የገበሬው ሆኖ ይቀራል፤ ማኅበሩ የሚረከበው እሸቱን፣ ማለትም ትኩሱን ቀይ የቡና ፍሬ ብቻ ነው። አንድ በአንድ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ጥያቄ እስኪያልቅ አነበብን። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው የጠየቁት «መውጣት ብፈልግስ?» የሚለውን ነበር። ይህን ጥያቄ አትሽሹት። አንድ አባል ሲወጣ አክሲዮኑ እንዴት እንደሚመለስለት በደንቡ ላይ በግልጽ አስፍራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የመውጫውን በር ያየ ሰው ለመግባት አይፈራም።

ማኅበር ያስፈለገን ለምን እንደሆነ የቡና አገር ሰው ያውቀዋል። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በጀንፈል መልክ (ከነገለፈቱ እንደደረቀ)፣ ቀዩም አረንጓዴውም በአንድነት ተለቅሞ፣ መሬት ላይ ደርቆ ይሸጥ ነበር፤ በንግዱ ዓለም «ጅማ 5» ሲባል ዝቅተኛ ደረጃ ማለት ነው። ዛፉ ግን መጥፎ አልነበረም። በጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አጠገብ ያለው የዱሮሚና ማኅበር እሸት ማጠብ በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቡና ጣዕም ውድድር አንደኛ ወጣ። ያ ዜና በእኛ መንደር ከማንኛውም ስልጠና በላይ ሠርቷል። ያንኑ አፈር፣ ያንኑ ዝናብ ይዘን በዝቅተኛ ዋጋ የምንሸጠው አሠራራችን ስለጎደለ እንደሆነ ሁሉም ገባው። በዚያ ላይ የሰብሳቢው (ከገበሬው ቡና የሚገዛው ነጋዴ) ሚዛን አለ። አንድ ሰብሳቢ ጠዋት የመዘነውን ከሰዓት በኋላ በሌላ ሚዛን ብንመዝነው ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነበር። ክረምት ሲገባ ብር ያጣ ገበሬ ቡናውን ገና በአበባው ይሸጣል፤ የባሰበትም መሬቱን በወለድ አገድ ያሲዛል። ይህ በሰፋሪውም በነባሩም ላይ እኩል የሚደርስ ነበር፤ አብረን ለመቀመጥ የቻልነውም በዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ፦ ማንን ጠራን? የመሥራቾቹን ዝርዝር ከቀበሌ መዝገብ አልወሰድንም፤ ከዕድሩ ወሰድን። ዕድሩ ከማኅበሩ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተቀላቀለ ነበር። ሰው ሲሞት ሰፋሪ ነባር ሳይባል ይቆፈራል፣ ይቀበራል፣ ንፍሮ ይቀርባል። በዕድር መዋጮ ተማምኖ የኖረ ሰው በአክሲዮን መዋጮም ሊተማመን ይችላል። የመጀመሪያውን ስብሰባ ያደረግነው በነባሮቹ በኩል ባለ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው፤ ይህም በዕቅድ ነበር። ጋባዥ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ተጋባዥ ሆኖ ከሚቀመጠው ይልቅ ነገሩን የራሱ ያደርገዋል። በሥራ አመራር ኮሚቴውም በቁጥጥር ኮሚቴውም ከሁለቱም ወገን እንዲኖር ተስማማን። ለማኅበሩ ስም ስናወጣም የወሎ ቦታ ስም ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ከውይይት በኋላ ሁለቱም መንደር የሚቀዳበትን ምንጭ ስም ሰጠነው።

በዚያው ስብሰባ አንድ ነባር ሽማግሌ ስለ ዋጋም ስለ አክሲዮንም አልጠየቁም። «ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ ቡናውን ያጠባችሁበት ውሃ ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ የማኅበራችንን ዕጣ ወስኗል ብዬ አምናለሁ። የማጠቢያ ጣቢያውን ልንተክልበት ያሰብነው ቦታ በእኛ መንደር በኩል፣ ከወንዙ ላይኛው ዳር ነበር። ከብቶቻቸው የሚጠጡት ግን ከታች ነው። እሸት ተፈልፍሎ ሲብላላና ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ስኳርና ሙጫ የተሸከመ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይቦካል፣ ይሸታል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሳል፤ ከብት አይጠጣውም፣ ዓሣም አይኖርበትም። ሰፋሪው ላይ ሆኖ አጥቦ ነባሩ ታች ሆኖ ቢጠጣ የ1977ቱ ቁርሾ በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ቦታው ተለወጠ። አዲሱን ቦታ ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ሰዎች በእግር ዞረው አይተው ወሰኑ። ፍሳሹ መጀመሪያ በተከታታይ ጉድጓዶች ይጠራቀማል፤ ከዚያ ቬቲቨር ሳር በተተከለበት መስክ ላይ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ይህ ሳር ውሃውን ለመያዝና ለማጥራት ይረዳል፤ በጅማ ዞን ባሉ ሌሎች ጣቢያዎችም ይሠራበታል። የእሸቱ ገለፈት ወደ ወንዝ አይጣልም፤ ከላምና ከበግ ፍግ ጋር ተከምሮ ኮምፖስት ይሆንና ለአባላት በሸክም ይታደላል። ወጪ አለው፤ መሬትም ይወስዳል። የጉድጓዱን ቁፋሮ በደቦ ሠራነው። እሸት በሚታጠብባቸው ወራት ከታችኛው መንደር አንድ ሰው ውሃውን እንዲያይና ካልወደደው ሥራውን እንዲያስቆም ሥልጣን ሰጠነው። ይህንን ሥልጣን መስጠት ለእኛ ለሒሳብ ሰዎች ይከብዳል፤ ያደረ እሸት ይበላሻልና። ነገር ግን የምትፈሩትን ሥልጣን ለጎረቤት ስትሰጡት ጎረቤቱ በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ በእኛ ዘንድ የሆነው ይህ ነው።

ስለ ሚዛኑ ደግሞ። ክብደቱ የታወቀ የ20 ኪሎ የብረት መመዘኛ ግዙ። በየዕለቱ ርክክብ ከመጀመሩ በፊት ገበሬው እያየ መመዘኛው በሚዛኑ ላይ ይውጣ፤ ከተዛባ ሚዛኑ ይስተካከል እንጂ ርክክቡ አይጀመር። የጆንያው ክብደት ስንት እንደሆነ በግድግዳ ላይ ይጻፍ። የተቀበላችሁትን በካርቦን ሁለት ቅጂ ጻፉ፤ አንዱ ለገበሬው ይሰጥ። ገበሬው ማንበብ ባይችል ልጁ ያነብለታል። ቀይ ያልሆነውንና በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ለይታችሁ መልሱለት፤ ግን ከፊቱ ሁኑ፤ ከጓዳ ገብቶ የተለየ እሸት ሁልጊዜ ሐሜት ይወልዳል። እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበትና የርክክቡን ሰዓት ለሩቁ መንደር እንዲመች አድርጉ፤ አለዚያ ሩቅ ያለው ሰው ሁልጊዜ «የደከመ እሸት» አመጣህ ይባላል። በእኛ ዘንድ ሩቅ ያሉት ነባሮቹ ነበሩ፤ ስለዚህ በእነሱ በኩል ሁለተኛ መረከቢያ ከፈትን።

ገንዘቡ ላይ ብዙ ማኅበር የሚወድቀው በዋጋ እሽቅድምድም ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በእሸት ላይ የምትጨምሩት ጥቂት ብር በንጹሕ ቡናው ላይ ስድስት እጥፍ ሆኖ ይቆማል። ጥቅምት ላይ የግል ገዢው ዋጋ ሲሰቅል አባላት «እናንተም ጨምሩ» ይላሉ። የዓለም ገበያ ከታኅሣሥ በኋላ ቢወርድ ግን ግዥው የተካሄደው በብድር ነውና ማኅበሩ ዕዳ ተሸክሞ ይቀራል። የእኛ መንገድ መጀመሪያ መጠነኛ ዋጋ መክፈል፣ ቡናው በዩኒየኑ በኩል ከተሸጠ በኋላ ደግሞ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶውን ለመጠባበቂያ አስቀርቶ ቀሪውን ባስረከቡት ኪሎ ልክ ማከፋፈል ነው። ዩኒየን የማኅበራት ማኅበር ነው፤ የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ሲቋቋም የታሰበውም ገበሬው ያለ ደላላ ወደ ውጭ ገበያ እንዲደርስ ነው። ሁለተኛው ክፍያ የሚዘገይበት ዓመት ይኖራል። በዚያን ጊዜ ዝም አትበሉ። ቡናው የት እንዳለ፣ ተሽጦ እንደሆነ፣ ብሩ ለምን እንዳልደረሰ በየሁለት ሳምንቱ ንገሩ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም «የለም» ብላችሁ ንገሩ። በሰፈራ መንደር የመረጃ ክፍተት ወዲያው የጎሣ ሐሜት ይሆናል፤ «ለእነሱ ተከፍሏል» የምትለው ወሬ ሚዛን ከሚያጭበረብር ሰው ትብሳለች።

ሒሳቡ በዓመት ሁለት ጊዜ በሁለቱም ቋንቋ በጉባኤ ፊት ይነበባል። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ያንኑ ገጽ በኦሮምኛ ያነባል። ተርጓሚ አቁሙ ማለቴ አይደለም። ሁለት አንባቢ አንድ መዝገብ ይዘው ሲቆሙ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ሁለቱም ወገን በጆሮው ይሰማል። የገንዘብ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ከሰፋሪ፣ አንዱ ከነባር፣ አንዱ ከሒሳብ ሠራተኛ እጅ ነው። በአገራችን ነገር በተካረረባቸው ዓመታት፣ መንገድ በተዘጋበትና ሰው በሰው ላይ ክፉ በተናገረበት ወቅት፣ ሣጥኑ አንድም ቀን በጉልበት አልተከፈተም፤ እሸት ማስረከብም አልተቋረጠም። ያን ጊዜ ወደ መንደራችን ሊመጣ የነበረውን ወሬ ያስቆሙት ነባሮቹ የኮሚቴ አባላት ናቸው። ይህንን በአደባባይ ማመስገን እወዳለሁ።

የሴቶችን ነገር ሳልነካ አላልፍም። ቡናውን የሚለቅሙት፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው የሚያገላብጡትና የተበላሸውን የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፤ በአባልነት መዝገብ ላይ ያለው ግን የባል ስም ብቻ ነበር። ባልና ሚስት ሁለቱም በየራሳቸው አባል የሚሆኑበትን አንቀጽ ለማስገባት ብዙ ተከራከርን። ዛሬ የሁለተኛው ክፍያ ደረሰኝ የሁለቱንም ስም ይይዛል። ከሰፋሪም ከነባርም ሴቶች በአንድ የማድረቂያ አልጋ ዙሪያ ስለሚውሉ በወንዶቹ ጉባኤ የማይነገረው እዚያ ይነገራል፤ ጠብ ሊነሣ ሲል ቀድመን የምንሰማውም ከዚያ ነው።

ቡናን በአበባው መሸጥ የቆመው ደግሞ በዋጋ አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት፣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ሲኖር ነው። ለዚህ የቁጠባና ብድር ክፍሉን ከቡናው ንግድ ለይታችሁ፣ በተለየ መዝገብና በተለየ የባንክ ሒሳብ ያዙት። የእሸት መግዣ ብር ለብድር፣ የብድሩ ብር ለእሸት አይግባ።

አሁን ያለብን ፈተና የልጆቻችን ነው። መሬት ተሸንሽኖ አልቋል፤ የሰፋሪውም የነባሩም ልጅ ያለ ማሳ አድጓል። ማኅበሩ በጣቢያው አጠገብ ለወጣቶች የችግኝ ማፍያ ሰጥቷል፤ መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙትን እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ዝርያዎች አፍልተው ያረጀ ቡና ለሚነቅሉ ገበሬዎች ይሸጣሉ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ሰፈራ ከሐረርጌ ወደ ጅማ ዞን የመጡ ገበሬዎች ልጆችም ችግኝ ሊወስዱ ይመጣሉ፤ እንዴት እንደጀመርን ይጠይቁናል። እኔም ለእነሱ የምነግረውን ለእናንተም እላለሁ፦ ምክክሩን ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሰው ፋታ ሲያገኝ ጀምሩ። የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጋብዙ፤ መተዳደሪያ ደንቡን ግን ራሳችሁ ጻፉ። ምዝገባው እስከ ክረምት እንዲያልቅ ግፉ፤ ሚዛኑና ማድረቂያ አልጋው መስከረም ላይ ዝግጁ ካልሆነ የዚያ ዓመት እሸት ያመልጣችኋል።